የተፋጠነው የነርስነት ዲግሪ ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደረጃ 4 በነርስነት ተመርቄና የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን አልፌ፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ቅዳሜና እሑድ እየተማሩ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ዲግሪ የሚይዙበት «የተፋጠነ» ፕሮግራም ከፍቻለሁ ብሎ እየመዘገበ ነው። ክፍያው ከባድ ቢሆንም የዕቁብ ዕጣ ስለወጣልኝ የመጀመሪያውን ሴሚስተር መክፈል እችላለሁ። ባለቤቴ «ዕድሉ ሳያመልጥሽ ተመዝገቢ» ይለኛል። ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ «በጥድፊያ የተያዘ ዲግሪ ኋላ ያስቸግርሻል» ትለኛለች። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የሌሊት ተረኛም ነኝ። ምዝገባው በጥቅምት መጨረሻ ይዘጋል። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎም ሆኑ ጓደኛዎ የሚከራከሩት በፍጥነቱ ላይ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመው ሊያጣሩ የሚገባዎት ጊዜው ያጠረው ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሆነ ነው እላለሁ። በዲፕሎማ የተማሯቸው እንደ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና መሠረታዊ የነርሲንግ ክህሎት ያሉ ትምህርቶች ተመዝነው ስለተያዙልዎት ያጠረ ከሆነ አግባብ ነው፤ ስድስት ዓመት የሠራ ባለሙያ የደም ግፊት አለካክ እንደ አዲስ እንዲማር ማስገደድ ጊዜንም ገንዘብንም ማባከን ነው። የተቀነሰው በሆስፒታል ክፍሎች የሚደረገው የተግባር ልምምድ ከሆነ ግን ኮሌጁ የሚሸጥልዎት ወረቀት ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለኝም።

ይህን አጥብቄ የምለው ከሥራ ቦታዎ በመነሣት ነው። በጤና ጣቢያ ክትባቱን፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉን፣ ተመላላሽ ሕክምናውንና ወሊዱን በሚገባ ያውቁታል። ዲግሪው ሊጨምርልዎት የሚገባው እዚያ የማያገኙትን ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፦ ደረቱ ውስጥ አየር ወይም ፈሳሽ ተጠራቅሞ ቱቦ የገባለት ታካሚ አልጋ አጠገብ የቆመች ነርስ፣ የቱቦው ጫፍ የገባበት፣ ውኃ ያለው ጠርሙስ ምንጊዜም ከታካሚው ደረት ዝቅ ብሎ መቀመጡን ታያለች፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከታካሚው ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ማለቱንም ትከታተላለች። እንቅስቃሴው ድንገት ቢቆም ቱቦው ተጣጥፎ ወይም ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባው ተመልሶ ስለተነፋም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቱቦውን ከደረቱ እስከ ጠርሙሱ በዐይንና በእጅ መከተል፣ ታካሚውን ማዳመጥ፣ አተነፋፈሱን መቁጠር ያስፈልጋል። በመጽሐፍ ሲነበብ ሁለት መስመር የሚሆነው ይህ ነገር ከእጅ የሚገባው ልምድ ያለው ባለሙያ ከጎን ቆሞ ሲያሳይና ሲያርም ነው።

በጎንደር የጤና ትምህርት ከጅምሩ እንዲህ የተቃኘ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያደገው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ እያሰማራ በሥራ ላይ ያስተምር ነበር። ስለዚህ በከተማችን የሚከፈት የነርስነት ፕሮግራም ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በዚህ መለኪያ ቢመዘን ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ኮሌጁ ሲሄዱ ስለ ክፍያው ከመነጋገርዎ በፊት፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱት በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኞቹ ክፍሎች፣ ለስንት ሳምንት እና በማን ተቆጣጣሪነት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረሙትን ውልም እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። መልሱ «እሱን በኋላ እናመቻቻለን» ከሆነ አይመዝገቡ። ውሉን ቢያሳዩዎትም፣ በሌላ ቀን ወደ ሆስፒታሉ ጎራ ብለው የኮሌጁ ተማሪዎች በእርግጥ እንደሚመጡ የክፍል ኃላፊዎችን ይጠይቁ፤ ጓደኛዎ በዚህ ሊረዱዎት ይችላሉ። የቅዳሜና እሑዱ ነገር ደግሞ በተለይ ያሳስበኛል። በሳምንቱ መጨረሻ የሆስፒታል ክፍሎች የሚሠሩት በተረኛ ሠራተኛ ነው፤ ከፍተኛ ሐኪሞችና መምህራን ተሟልተው ታካሚ እየዞሩ የሚያስተምሩት ግን በአብዛኛው በሥራ ቀን ነው። ልምምዱም በቅዳሜና እሑድ ብቻ ያልቃል የሚል ፕሮግራም ዋናውን ትምህርት አስቀርቷል ማለት ነው። በሥራ ቀን የሚያለማምድ ከሆነ ደግሞ ከጤና ጣቢያዎ ፈቃድ ማግኘት ግድ ስለሚሆን፣ ጉዳዩን አሁኑኑ ለኃላፊዎ ያቅርቡ።

ስለ እውቅና ፈቃድ ብዙ ሰው ይዘናጋል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጥቅሉ ሳይሆን በፕሮግራም፣ በካምፓስና በትምህርት አሰጣጥ ዓይነት እየለየ ነው። አዲስ አበባ ላይ በነርስነት እውቅና ያለው ኮሌጅ በጎንደር ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል፤ በፋርማሲ የተሰጠው ፈቃድም ለነርስነት አያገለግልም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ኮፒ ሳይረኩ ባለሥልጣኑን ራሱን ይጠይቁ፤ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንም ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁዎታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የግል ተቋማትን ጨምሮ፣ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ በመጀመሪያው ዙርም ከግል ተቋማት ያለፉት ድርሻ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በእጅጉ ያነሰ ነበር። በተጨማሪም ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የብቃት ምዘና አለ። ኮሌጁን ካለፉት ተመራቂዎቹ ስንቱ እንዳለፉ ይጠይቁት፤ እስካሁን ያስመረቀው ተማሪ ከሌለ የመጀመሪያው ሙከራ በእርስዎ ገንዘብ እንደሚደረግ ይወቁ። የመግቢያ መስፈርቱን ማሟላትዎንም በጽሑፍ ያስረግጡ፤ ክፍተቱ በመጨረሻው ሴሚስተር ቢገኝ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

ደረጃና ደመወዝን በተመለከተ፣ ዲግሪውን ሲይዙ ክፍት መደብ ይኑር አይኑር የጤና ጽሕፈት ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ ይበቃል።

የዕቁቡ ጉዳይ ግን ቆም ብለው እንዲያስቡበት ያስፈልጋል። ዕጣው ቀድሞ የወጣልዎት ከሆነ፣ የቀሩት ዕቁብተኞች እስኪደርሳቸው ድረስ መጣልዎ አይቀርም። ስለዚህ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ዕቁቡን፣ የኮሌጁን ክፍያና የልጅዎን ወጪ ከአንድ ደመወዝ ይከፍላሉ ማለት ነው። ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው እስከ ምረቃ ያለውን ወጪ በወር በወር ይጻፉት። የሌሊት ተረኛ ሆነው ባደሩበት ማግሥት ክፍል ሲገቡ ልጅዎን የሚይዝልዎት ማን እንደሆነም በዚያው ይወስኑ።

የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ የእውቅናውና የልምምዱ ጥያቄ ሁለቱም በማስረጃ ካልተመለሱልዎት፣ ይህ ዙር ይለፍዎት። ሁለቱም ከተመለሱ፣ ወጪውንም እስከ መጨረሻው መሸፈን ከቻሉ፣ ፍጥነቱን ሳይፈሩ ይመዝገቡ፤ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ከጀማሪ ፈጥኖ መማሩ የሚያስነቅፍ አይደለም። እስከዚያው ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለዲፕሎማ ነርሶች የተከፈተ ፕሮግራም እንዳለ ሬጅስትራሩን ሳይጠይቁ ለማንም ቅድመ ክፍያ አይክፈሉ።