ከባንዲራው ማግስት

ልጆቼ፣ 34 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። የኮንጎን ታሪክ ግን ለረጅም ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ነበር የምጨርሰው። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960፣ ኮንጎ ከቤልጂየም ነፃ በወጣችበት ዕለት፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ የቤልጂየሙ ንጉሥ ፊት ቆሞ የግፉን ዘመን ሲዘረዝር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ደወል ይደወላል። ሁላችንም ደረታችንን ነፍተን እንወጣለን።

ዛሬ ብመለስ ከ5 ቀን በኋላ ካለው እጀምር ነበር።

ጁላይ 5 ቀን የጦሩ አዛዥ፣ ቤልጂየማዊው ጄኔራል ጃንሰንስ፣ ወታደሮቹን ሰበሰበ። ጠመኔ አነሳ። ሰሌዳው ላይ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ» ብሎ ጻፈ። ዕድሜዬን በጠመኔ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይቺ መስመር ዛሬም ታንገበግበኛለች። በዚያ ሁሉ ጦር ውስጥ አንድም ኮንጎዋዊ መኮንን አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ወታደሩ አመጸ። ጁላይ 11 ቀን ማዕድን የሞላባት የካታንጋ ክፍለ ሀገር ተገነጠልኩ አለች። ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ሉሙምባ እዚያው ካታንጋ ውስጥ ተገደለ።

ሰው ስለ ኮንጎ ሲነሳ፣ አገሩን እስከ 1908 የግል ንብረቱ አድርጎ የያዘውን የቤልጂየም ንጉሥ ሊዮፖልድን ይጠራል። ለጎማ ሲባል የተቆረጠው እጅ አይረሳምና እውነቱን ነው። ግን ከ1908 በኋላ ቤልጂየም ራሷ ስትገዛ የሠራችው ጸጥ ያለ በደል አለ። ልጁን ፊደል ታስቆጥረዋለች፣ ከፍ ወዳለው ወንበር ግን አታስጠጋውም። የኮንጎ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ፣ ሎቫኒየም፣ የተከፈተው በ1954 ነው፤ ለነፃነት 6 ዓመት ሲቀር። በዚህ ምክንያት፣ ከ4 ዓመት በፊት በሳጅንነት ጦሩን የለቀቀው ሞቡቱ በአንድ ጊዜ ኮሎኔልና የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሆነ። ኋላም ከ1965 እስከ 1997 አገሩን በመዳፉ አደረገ።

ስለዚህ የየትኛውንም አገር ነፃነት ስታነቡ፣ በማግስቱ ቢሮ የገባው ማን ነበር? ሥራውንስ ማን አሳይቶት ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ሥራ ስትይዙ የሚሰጣችሁን ብቻ ሠርታችሁ አትውጡ። ሒሳቡ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ውሉ እንዴት እንደሚፈረም ጠይቁ፤ ቢሰለቹባችሁም ጠይቁ። ከእናንተ በታች የሚገባውን ልጅ ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጡና አሳዩት። እኔን ወጣት ሳለሁ አንድ አለቃዬ የፈተና መዝገቡን ቆልፎብኝ ነበር። ድንገት ሲታመም ተማሪዎቹ ውጤታቸውን ሳያገኙ ከረሙ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የመንግሥታቱ ድርጅት ኮንጎ ሲገባ የእኛም ወታደሮች ዘምተዋል። ከ1962 እስከ 1963 የድርጅቱን ጦር በሙሉ በአዛዥነት የመሩት ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የኮንጎ ዘማች በሰፈራችሁ ካለ፣ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ቡና አፍሉላቸው። ምን እንዳዩ ጠይቋቸው። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱት።