የፍጉ ነጫጭ እንግዶች

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ አለኝ። ሰሞኑን የፍጉን ክምር ሳገላብጥ ከሥሩ ነጫጭ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ነገሮች ሲርመሰመሱ አየሁ። ጎረቤቴ «ተባይ ነው፤ ችግኝሽን ሳይጨርስ መድኃኒት እርጪበት» አለችኝ። ምን ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። መድኃኒቱን አትርጪ።

ኩታበር ሳድግ እናቴ ለድንች የሚሆን ፍግ ከጓሮ ስትዝቅ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። ከክምሩ ሥር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳየው ዱቄቱ ይሄዳል! ምን እንደሆኑ ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ኮለምቦላ ይባላሉ። ስድስት እግር አላቸው። ብዙዎቹ ከሆዳቸው ሥር እንደ መንሽ ሹካ የሆነች ነገር ታጥፋ ትቀመጣለች። ሲደነግጡ እሷን ፈትተው መሬቱን ይመቱና ይስፈነጠራሉ። ያንቺዎቹ ነጭ ከሆኑና ስትነኪያቸው የማይዘሉ ከሆነ፣ ኦኒኪዩሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ሳይሆኑ አይቀሩም። እነዚህ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ኑሯቸው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ዓይን የላቸውም፤ መዝለያዋም የለችም። ታዲያ ጠላት ሲነካቸው ምን ያደርጋሉ? ቆዳቸው ላይ ካሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጠላት የሚያባርር ፈሳሽ ያወጣሉ። እኔን ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ምግባቸው ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው። እበቱና ገለባው አፈር እንዲሆን ከሚያግዙት መካከል ናቸው። እርጥበት ካጡ ቶሎ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ክምርሽ ውስጥ መኖራቸው እርጥበቱ እንዳለ ይነግርሻል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ከዚሁ ቤተሰብ አንዳንዶቹ ለጋ ሥር ይነካካሉ፤ አውሮፓ ውስጥ የስኳር ቀይ ሥር ችግኝ ላይ ያስቸግራሉ። ያንቺ ጎመን ከመሬት ላይ ተቆርጦ ወድቆ ካገኘሽው ግን እነሱን አትጠርጥሪ። ያ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ማታ ባትሪ ይዘሽ ግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊ፣ ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። በእጅሽ ልቀሚው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከፍጉ ጭብጥ ያህል ሰሃን ላይ አድርጊና ውኃ ጨምሪበት። ቆዳቸው ውኃ አያስገባምና ነጫጮቹ ከላይ ይንሳፈፋሉ። ለጎረቤትሽም አሳያት።

ፍጉ ገና ትኩስ ከሆነ ቃሪያው ሥር አታድርጊው፣ ያቃጥለዋል። ሙቀቱ ወጥቶ አፈር አፈር ሲሸትሽ ያኔ ወደ መደቡ ውሰጂው፤ ነጫጮቹም አብረው ይሂዱ።