በረዶ በሌለበት ከተማ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን የነደፈችው ተመራቂ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። የመመረቂያ ሥራዬ በሞተር የሚሠራ የመንገድ በረዶ መጥረጊያ ማሽን ንድፍ ነበር። ርዕሱን ያገኘሁት ከተዘጋጀ ዝርዝር ላይ ነው፤ ሌሎቹ ርዕሶች ቀድመው ተወስደው ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሦስቱም ቦታ ርዕሱን ሲያነቡ ሳቁብኝ። አንዱ ‹ጣና ዳር በረዶ የወረደው መቼ ነው?› አለኝ። ሦስተኛው ቦታ አንድ አዛውንት ብቻ ሳይስቁ ‹ማሽንሽ በደቂቃ ስንት ኪሎ ያነሳል?› ብለው ጠየቁኝ፤ ‹ጥናቱ ላይ ተጽፏል› አልኳቸው። ርዕሱን ከሲቪዬ ላይ ላጥፋው? ካናዳ ያለው አጎቴ ደግሞ ‹እዚህ በረዶ ጠራጊ ይፈለጋል፣ ነይ› ይለኛል። ጉዳዩን የሚጨርስ ደላላም ተገኝቷል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አታጥፊው።

አስቀድሜ ልናዘዝልሽ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። በሚያዝያ ሙቀት ዘንባባ ሥር ተቀምጦ ስለ በረዶ መጥረጊያ ማንበብ ያስቃል። ሳቄ የቆመው ያያያዝሽውን ንድፍ ስከፍት ነው። 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አፍ፣ ውስጡ በረዶውን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል የሚሰበስብ ጠመዝማዛ ብረት፣ ከኋላው በፍጥነት እየዞረ የሚወረውር ማራገቢያ፣ ከላይ አቅጣጫው የሚዞር ጉሮሮ፣ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር። ሞተሩን አውቀዋለሁ፤ ፎገራ ላይ የሽንኩርት ማሳ ዳር ተቀምጦ ውሃ የሚስበው የእሱ ወንድም ነው። ንድፉ ውስጥ ከበረዶው በቀር ለዚህ አገር እንግዳ የሆነ ነገር የለም።

የሳቁ ግማሽ ደግሞ የቋንቋችን ዕዳ ነው። በአማርኛ ጤፉን የሚያረግፈውም በረዶ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፣ የሰሜን አገሮችን መንገድ የሚያለብሰውም በረዶ ነው። ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች አመዳይ የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ የቀረነው ግን ሁሉንም በአንድ ስም እንጠራለን። ጠያቂዎችሽ በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት የክረምቱን ጠጠር በረዶ ሳይሆን አይቀርም። ያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይቀልጣል፤ ማን በማሽን ይጠርገዋል? ስለዚህ ወደ ማሽኑ ከመግባትሽ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ «እንደ ባዘቶ እየወረደ የሚከመር፣ ሳይቀልጥ ሳምንታት የሚቆይ፣ መንገድ የሚዘጋ ነገር ነው።» ይህን የሰማ ሰው ሳቁን ትቶ ማሽኑን ማየት ይጀምራል።

አሁን ወደሚያመው ቦታ ልምጣ። ሥራውን ያሳጣሽ የሰዎቹ ሳቅ አይመስለኝም፤ ለአዛውንቱ የሰጠሽው መልስ ነው። እኚያ ሰው በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ያከበሩሽ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባለሙያ ባለሙያን የሚጠይቀውን ጠየቁሽ፤ አንቺ ወደ ወረቀት መራሻቸው። መልሱ እኮ በጣትሽ የሚቆጠር ነበር። አፉ 60 ሳንቲሜትር ነው። በረዶው 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ማሽኑን የሚገፋው ሰው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይራመዳል። ሦስቱን ስታባዢ በደቂቃ 3.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ማሽንሽ በደቂቃ 360 ኪሎ ያነሳል። ርሶ የከበደ በረዶ 400 ኪሎ ቢመዝን ደግሞ 1,440 ኪሎ። ይህን በቃልሽ ብትመልሺ ኖሮ ማን ይስቅ ነበር?

ከዚያ አንድ እርምጃ ጨምሪ። በረዶውን 8 ሜትር ርቀት ለመወርወር ለእያንዳንዱ ኪሎ 39 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ለቀላሉ በረዶ ሲሰላ 235 ዋት፣ ለከባዱ 940 ዋት ገደማ ይመጣል። ሞተርሽ ግን ወደ 4,850 ዋት የሚጠጋ ነው። የቀረው የት ገባ? የተጋገረውን በረዶ ለመቁረጥ፣ ከላሜራው ጋር ለሚፈጠር ፍትጊያ፣ ጉሮሮው ውስጥ ለሚባክነው፣ ለቺንጋውና ለማርሹ። አዛውንቱ ቀጥለው ይህንኑ ይጠይቁሽ ነበር፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠይቅሽ ነበር። ጥሩ ተቀጣሪ የምትለየው ሞተሩን ለምን ትልቅ እንዳደረገች ስትናገር ነው።

ንድፉ በኮምፒውተር ላይ ብቻ መቅረቱን ደብዳቤሽ ግርጌ ላይ እንደሚያሳፍር ነገር ጽፈሽዋል፤ ምክንያትሽም «የምሞክርበት በረዶ የለም» የሚል ነው። ይህን ሰበብ አልቀበልሽም፤ ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ራሱ የማሽኑ ታሪክ ይነግርሻል። ለባቡር ሐዲድ የሚሆነውን የሚሽከረከር በረዶ መጥረጊያ እ.ኤ.አ. በ1869 ያሰበው ኤሊዮት የሚባል የቶሮንቶ የጥርስ ሐኪም ነበር። እሱም እንዳንቺ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ተወው። በኋላ ሐሳቡን ያዳበረው ኦሬንጅ ጁል ትንንሽ ሞዴል ሠርቶ ሲሞክር የተጠቀመው በአሸዋ ነው። አዎ፣ በረዶ በሞላበት በካናዳ ምድር፣ በአሸዋ! ሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ሐዲድ ላይ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1883 እና 1884 መካከል በነበረው ክረምት ነው። ለመንገድ የሚሆነውን፣ በራሱ ሞተር የሚሄደውንና በረዶ የሚወረውረውን ማሽን በ1925 የሠራው የኩቤኩ አርተር ሲካርድ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣለት የእህል መውቂያ ማሽን አይቶ ነው። የመጀመሪያውን የሸጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አየሽ፣ የማሽንሽ አያት ያደገው አውድማ ላይ ነው። አውድማ ደግሞ እኛም አለን።

ስለዚህ አንድ ጉዞ አዝዝልሻለሁ። በጎንደር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደሽ ወረታ ውረጂ። የሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ገለፈት ተቆልሎ ታገኛለሽ። የሩዝ ገለፈት በሜትር ኩብ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህ አዲስ የወረደ በረዶ ክብደት ማለት ነው። የሚያስፈልግሽ በረዶ ወረታ ተከምሮ ነው የሚጠብቅሽ! ውሃ ስትረጪበት ይከብዳል፤ የረጠበውን በረዶ ተካሽ ማለት ነው። አሸዋ ከመረጥሽ ደግሞ ክብደቱ የአዲስ በረዶን 16 እጥፍ ስለሚሆን ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም ያልዘለለ ውፍረት አንጥፊ፤ አለዚያ ሞተሩ ይታፈናል። ገለፈት ግን ብረት ይበላል፣ ውስጡ እንደ አሸዋ የሚፋቅ ነገር አለው። ከሙከራው በፊትና በኋላ የላሜራውን ውፍረት ለኪ፤ ሌላው ተመራቂ የማያመጣው ቁጥር ያ ነው። አፍንጫሽንም ሸፍኚ።

ሙሉውን ማሽን ሥሪ አላልኩሽም። የመጠኑ አንድ ሦስተኛ ይበቃል። ጠመዝማዛው ከላሜራ ተቆርጦ በዘንግ ላይ ይበየዳል፤ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ያስተካክሉልሻል፤ ኩሽኔታ ከአሮጌ ዕቃ ይገኛል። ብየዳ ቤት ስትሄጂ ግን ወረቀቱን አስረክበሽ ቤትሽ አትመለሺ። ቀኑን ሙሉ ቁሚ። በያጁ «ይህ እንዲህ ቢሆን አይጣመምም ወይ?» ሲልሽ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው። እኔ በወጣትነቴ ዕቃ ጥገና ክፍል ውስጥ ስሠራ ከመጽሐፍ ያልተማርኩትን የብረት ጠባይ ያስተማሩኝ ዲግሪ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን ብጽፍ ገጹ አይበቃም።

ጠመዝማዛውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ለምን ከሌላው ይልቅ ደካማ እንደተደረገ ንድፍሽ ላይ አልተብራራም። ድንጋይ ሲገባ መጀመሪያ ብሎኑ ተሰብሮ ማርሹን እንዲያድን ነው። እንዲሁም ጉሮሮው ሲታፈን በእጅ መጥረግ በበረዶው አገር ብዙ ጣት ያስቆረጠ ልማድ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቺንጋው ውስጥ የቀረው ውጥረት ማራገቢያውን ድንገት ሊያዞረው ይችላል። በእኛ አገር መውቂያ ላይም ይኸው አደጋ አለ። «በእንጨት እንጂ በእጅ አይጠረግም፤ ለዚህም እንጨቱን የሚይዝ መስቀያ ማሽኑ ላይ አበጅቻለሁ» ብትይ የጥገና ኃላፊ የሆነ ሰው ጆሮውን ያቆማል።

እምቦጭ? እንደምትጠይቂኝ ጠብቄ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስቸገረውን አረም የማያነሳ የባሕር ዳር ተመራቂ አላየሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ማሽኔ እምቦጭም ይጠርጋል» እንዳትይ። በረዶ ዘንግ ላይ አይጠመጠምም፤ የእምቦጭ ሥር ይጠመጠማል። በረዶ ተቆራርጦ ቢበተን ይቀልጣል፤ እምቦጭ ግን ከቁራጩ መልሶ ይበቅላል፤ ወደ ሐይቁ የወረወርሽው ሁሉ ዘር ይሆናል። በዚያ ላይ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ነቅሎ ዳር ላይ ከማውጣት ይልቅ ያንን እርጥብ ክምር ከዳር ማንሳት ነው የሚያደክመው። «ለእምቦጭ እንዲሆን ምን ምን መለወጥ አለበት?» ብለው ከጠየቁሽ እነዚህን ሦስቱን ንገሪያቸው። የማሽንሽን ድክመት አንቺው ስትናገሪ መስማት ከጉራሽ ይልቅ ያሳምናቸዋል።

ሲቪሽ ላይ ርዕሱን እንዳለ ተይው፤ የመመረቂያ ሥራሽን ስም መቀየር መዋሸት ነው። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ልል ቁስን ሰብስቦ የሚወረውር፣ በደቂቃ 360 ኪሎ እንዲያነሳ የተነደፈ፤ ሞዴሉ በሩዝ ገለፈት የተሞከረ።» የመጨረሻውን ሐረግ የምትጽፊው ከሞከርሽ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ ማመልከቻሽን ጠመዝማዛ ብረት ወዳለበት ቦታ ውሰጂ። ዱቄት ፋብሪካ እህል የሚያጓጉዘው በምን ይመስልሻል? የመኖ ማቀነባበሪያ፣ የሩዝ መፈልፈያ፣ ቡሬ ያሉት የዘይት ፋብሪካዎች፣ ሁሉም አንቺ የነደፍሽውን ጠመዝማዛ ሌት ተቀን ያሽከረክራሉ፤ ሲሰበርባቸውም ሥራ ይቆማል። የመንገድ ሥራ ድርጅቶች የጥገና ክፍልም አለ፤ ግሬደር ጠጠር የሚገፋበት ምላጭ በካናዳ ክረምት በረዶ ይገፋበታል። እስካሁን ያመለከትሽባቸው ሦስቱ ቦታዎች ቢሮ ነበሩ፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በረዶ የሚለውን ቃል ያነባል፣ ጥገና ክፍል ያለው ሰው ንድፉን ያነባል።

ስለ ካናዳው አጭር ልበል። አጎትሽ አልዋሸም፤ ግን የሚልሽ ሥራ የወቅት ነው፣ የሌሊት ነው፣ የዚያን አገር የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ሹፌርነት ደግሞ ክቡር ሥራ ቢሆንም አንቺ የተማርሽው እሱን አይደለም። ደላላውን ግን ዛሬውኑ ተሰናበቺው። አንድ የካናዳ ቀጣሪ የውጭ ሠራተኛ ለማስመጣት አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የማመልከቻውን 1,000 የካናዳ ዶላር የሚከፍለው ራሱ ቀጣሪው ነው፣ ከሠራተኛው ላይ መልሶ እንዳይወስድም ሕጉ ይከለክለዋል። ደላላሽ ይህንኑ «የፈቃድ ክፍያ» ብሎ ከጠየቀሽ ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምትነጋገሪ አወቅሽ። ፈቃድ ያለው የሥራ ስምሪት ኤጀንሲ መሆን አለመሆኑንም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራት ይቻላል።

ወረታ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ሥራ አለብሽ። ለእኚያ አዛውንት ደብዳቤ ጻፊ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። «በዕለቱ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ ወጥቼ ነበር» ብለሽ ጀምሪና ስሌቱን ከነመነሻ ቁጥሮቹ አስፍሪ። ሥራ ስጡኝ የሚል ቃል አታስገቢበት። ስማቸውን ካላወቅሽ የቃለ መጠይቁን ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ስጪ፤ በዚያች ቀን ማን ኪሎ እንደጠየቀ እዚያ የሚያጡት አይመስለኝም።