ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚመጣልሽን ሥር አታጠጪው

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅሽ በትኩሳትና በትውከት ሰንብቶ ዓይኑ ቢጫ እንደሆነ፣ ሐኪም ቤትም ሄፓታይተስ ኤ (ጉበትን የሚያስቆጣ የቫይረስ ሕመም) እንደተባለ ጽፈሻል። «የባህል መድኃኒት ልስጠው?» ነው ጥያቄሽ። የእኔም ልጅ በዚሁ ታማ ድናለችና ያየሁትን ልንገርሽ።

አትስጪው። ለእኛም ተቀጥቅጦ የሚጠጣ ሥር ያመጡልን ነበሩ። በደግነት ነው፤ ግን እንዶድን የመሰለ ነገር ጤነኛውንም ልጅ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ሥራ ሥር ደግሞ ጉበትን ራሱን ይጎዳል። ለሄፓታይተስ ኤ ሐኪምም የሚያዘው የተለየ መድኃኒት የለውም። አብዛኛው ልጅ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። «ሥሩ አዳነልኝ» የሚሉሽ ሰዎች ልጆችም ሳይጠጡ ይድኑ ነበር።

እኛን በጣም ያስደነገጠን ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት የደም ምርመራ ቁጥር ነው፤ ሰማይ ነክቶ ነበር። ሐኪሟ ግን ዓይኗ የደም መርጋት ምርመራው ላይ ነበር፣ አይኤንአር የሚሉት። ኤኤልቲ ጉበቱ መቆጣቱን ያሳያል፤ ሥራውን መሥራት አለማቆሙን የሚናገረው ግን የደም መርጋቱ ነው። ካልተሠራለት ዛሬውኑ ጠይቂ። ጉበት ከሥራ ውጭ የሚሆንበት ልጅ በጣም ጥቂት ነው፤ ሲሆን ግን ፈጥኖ ነው። እንቅልፍ ካበዛ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ። እስኪነጋ አትጠብቂ።

ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪሙ በኪሎው ልክ ካላዘዘ ይቅር። አስፕሪን ደግሞ በኢንፍሉዌንዛም በጉድፍም ጊዜ ለልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን አብሮ የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ቅባት ከልክዪው ይሉሻል፤ የፈለገውን ትንሽ ትንሽ ይብላ፣ ፈሳሽ ይጠጣ።

«ክትባቱን ጨርሶ እንዴት?» ላልሽው፣ ፔንታቫለንት (ለሕፃናት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት) ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ነው። ኤን አይከላከልም።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ይቅር። ከመጸዳጃ ሲወጣ እጁን በሳሙና አንቺው ራስሽ አስታጥቢው። ታናናሾች ካሉት ለሐኪሙ ንገሪ፤ ትንንሽ ልጆች ዓይናቸው ቢጫ ሳይሆን ታመው ለሌላው ያስተላልፋሉ።