ለስቱዲዮ ከመክፈላችሁ በፊት ድምፃችሁን ለኩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናችሁ፤ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ሙዚቃዊ ድራማ በሰኔ ለወላጆች ቀን ልታቀርቡ ነው፤ በክበቡ እጅ ያለው ገንዘብ ለስቱዲዮ ይከፈል ወይስ ለሞንታርቦ ኪራይ? ለስቱዲዮ አሁን አንድ ብር አትክፈሉ። የተማሪ ክበብ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ክላሲካሉ (ዘፋኝ የሌለበት ማጀቢያ ሙዚቃው) ይቀዳል፣ ከዚያ ዘፋኝ ይመረጣል፣ ከዚያ የተመረጠችው ልጅ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አይደርስም። ስቱዲዮው ደግሞ ኪይ (ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ) ለመቀየር እንደ አዲስ ሥራ ሊያስከፍል ይችላል።

1. ድምፅ መለካት። ኪቦርድ አጠገብ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ አቁሙ። ሳይጨነቅ የሚያወርደውን ዝቅተኛ ድምፅና ሳይጮህ የሚያወጣውን ከፍተኛ ድምፅ በወረቀት መዝግቡ። የዘፈኑ ጫፍ ከልጁ ጫፍ ሁለት ግማሽ ድምፅ (ጥቁሮቹም ሲቆጠሩ ሁለት የኪቦርድ ቁልፍ) ዝቅ ይበል፤ በልምምድ ቀን የሚወጣ ድምፅ በድንጋጤ ቀን አይወጣም። በኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የሚለውን አንዴ ስትጫኑ ኪዩ በግማሽ ድምፅ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ለልጁ የተመቸው ቁጥር ስንት እንደሆነ ስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ ጻፉት። 9ኛና 10ኛ ክፍል ካሉት ወንዶች ብዙዎቹ ድምፃቸው ገና እየጎረነነ ስለሆነ በየሦስት ሳምንቱ እንደገና ለኳቸው። መጋቢት ላይ የሰጣችሁት ዜማ ግንቦት ላይ ሊከዳቸው ይችላል። ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም፤ ሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው።

2. ክራር ካላችሁ (ይኑራችሁ!) ኪዩ እሱንም ይነካል። ኪቦርዱን በአንድ ቁልፍ ታወጡታላችሁ፣ ክራሩ ግን አውታር በአውታር ይቃኛል። ከሲ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ኢ እና ኤ ብቻ በግማሽ ይወርዳሉ። ወደ አምባሰል ከሆነ ግን ሦስት ድምፅ ይቀየራል፤ ተመልካቹ ቁጭ ብሎ መቃኛውን ሲያይ የድራማው ስሜት ይበርዳል። ስለዚህ በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች ተከታታይ አድርጉ፤ ካልሆነም ሁለተኛ ክራር ተውሳችሁ ቀድማችሁ ቃኙት። አዳራሹ ሰው ሲሞላና ሲሞቅ አውታሩ ስለሚላላ ሁለቱንም ከመጋረጃ ጀርባ ደግማችሁ አረጋግጡ።

3. አሁን ስቱዲዮ። ገንዘብ የምትከፍሉት የእያንዳንዱን ልጅ ልክና ኪይ የያዘው ሠንጠረዥ ካለቀና ግጥሙ ከተቆለፈ በኋላ ነው። አዲስ ሥራ ስለሆነ ደራሲው አጠገባችሁ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ቀን ስንኝ መቀየር ያምረዋል፤ ከመድረኩ ሁለት ሳምንት በፊት “በቃ” በሉት። አንዱን ቅጂ ከመሪ ድምፅ ጋር (ለልምምድ)፣ ሌላውን ያለ ድምፅ ተቀበሉ። እያንዳንዱ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አራት ምት ይቆጠር፤ ያለዚያ ዘፋኞቹ ከመሐል ነው የሚገቡት። ፋይሎቹን 01፣ 02 ብላችሁ በተራ ሰይሙና በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ። በስልክ የምታጫውቱ ከሆነ ስልኩ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ የአክስት ጥሪ በሞንታርቦ ይሰማል።

“ፕሌይባክ አድርጉትና ተገላገሉ” የሚሏችሁ ይኖራሉ። አትስሟቸው። ራሳችሁ በጻፋችሁት ዘፈን አፍ ብቻ ማንቀሳቀስ ድካማችሁን መቅበር ነው። ይልቅ ይህን አስቡ፦ ተመልካቹ ዘፈኑን ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም፣ ቃሉን የሚይዝበት ዕድል አንዴ ብቻ ነው። ድምፅ ሲገባ ኪቦርዱ ዜማውን አይደግም፣ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን የማጀቢያ ድምፆች) ብቻ ይያዝ። አዝማቹ አጭር ይሁንና ይመለስ። ጅማ ነንና አዳራሹ ውስጥ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ብዙ ወላጅ ይኖራል። አዝማቹን አንዴ በአማርኛ አንዴ በአፋን ኦሮሞ ብታደርጉት እናቶቹ አብረው ያጨበጭባሉ። ቃል በቃል ግን አይተርጎም፤ ቀለሙ ከምቱ ጋር አይገጥምም፤ ቋንቋው አፉን የፈታበት ልጅ በዜማው ላይ እንደ አዲስ ይግጠመው።

እስክስታ የሚወርድ ልጅ በዚያው ሰዓት መሪ ድምፅ አይሁን። ትከሻ ሲመታ ትንፋሽ ይቆረጣል፣ ማይኩም የሚያሰማው ማለክለክ ነው። ጨፋሪው መሐል፣ ተቀባዮቹ ግራና ቀኝ ቆመው ይዝፈኑ።

የሞንታርቦውን ኪራይ በተመለከተ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አትከራዩ። ዋዜማውንም ጨምራችሁ ተደራደሩ፣ ምክንያቱም ማይክ ይዞ የማያውቅ ልጅ መረቡን በእጁ ይሸፍነዋል፣ ያኔ ማይኩ ያፏጫል። ከአፍ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ሁለቱ ትልልቅ ሞንታርቦዎች ከዘፋኞቹ ፊት ለፊት ቀድመው፣ አፋቸው ወደ ሕዝቡ ሆኖ ይቁሙ። አንድ ትንሽ ደግሞ ወደ ልጆቹ ይዙር። ይህ ከሌለ ልጆቹ የሚሰሙት ከኋላ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ስለሆነ ከሙዚቃው ወደ ኋላ ይቀራሉ። አራት ማይክ ይበቃል፦ ሁለት ገመድ አልባ ለመሪዎቹ፣ ሁለት በማቆሚያ ለተቀባዮቹ። የገመድ አልባዎቹን ባትሪ በዕለቱ ቀይሩ፣ የልምምዱን አትመኑ።

ሰኔ ላይ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ የትኛውም ሞንታርቦ አያሸንፈውም። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከምሳ በፊት ጨርሱ። 40 ደቂቃ አካባቢ፣ ስድስት ዘፈን፣ ከዚያ አይብለጥ። ቢያንስ ሁለቱን ዘፈኖች በከበሮና በክራር ብቻ ተለማመዱ፤ መብራት ሲሄድ ከበሮ መቺው ሳይጠየቅ ይጀምር፣ ሌላው ይከተል።

አዳራሽ የምትለምኑት ከውጭ ከሆነ እዚያ ላይ ነው የሚያበሽቋችሁ። ተማሪ ሲያዩ ደብዳቤውን ሳያነቡ “አስተማሪያችሁን አምጡ”፣ “ነገ ኑ” የሚሉ ቢሮዎች አሉ። ከክፍል አስፈቅዶ የመጣ ልጅ እንዲህ መመላለሱ ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። መድኃኒቱ ደብዳቤው እንከን እንዳይኖረው ማድረግ ነው፦ የትምህርት ቤቱ ማህተም፣ የወጪ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ጥበቃና ጽዳት በማን እንደሚሸፈን። የክበቡ ተጠሪ መምህር ለመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሂድ። ግልባጩ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ሳታስፈርሙ ከበሩ አትውጡ፤ “አልደረሰንም” ሲባል ያቺ ወረቀት ትናገራለች። ደግሞ የዋዜማውን ልምምድ በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ፣ በኋላ ለብቻው ሲጠየቅ አይፈቀድም።

ለእያንዳንዱ መሪ አንድ ተጠባባቂ ይኑረው፣ ተጠባባቂውም በራሱ ኪይ ይለካ። ቁጥሩን አጠገቡ ከጻፋችሁ፣ ዘፈኑ በቀጥታ በኪቦርድ የሚታጀብ ከሆነ ኪቦርዲስቱ በደቂቃ ይቀይራል። ሠንጠረዡን ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፊው፣ ለየትኛው ዘፈን የትኛው ኪይ እንደሚስማማ ስቱዲዮ ሳትሄዱ አብረን እናየዋለን።