ቤታችሁ ውስጥ ዴሞ ለምትቀርጹ ወጣት ሙዚቀኞች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፤

በቅርብ ወራት ከተለያዩ ባንዶች ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ለስቱዲዮ የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም፤ ለአሳታሚ ወይም ሙዚቃ ለሚያሠራ ሆቴል የሚያሰሙት ዴሞ፣ ማለትም የናሙና ቀረጻ፣ ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ባጠራቀሟት ጥቂት ብር የትኛውን ማይክ ቢገዙ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ድምፅ በመቅረጽ ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝና ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ መልሴ ግን ብዙ ጊዜ ያልጠበቁት ይሆንባቸዋል። ማይኩ ይቆይ፤ አስቀድማችሁ ልምምዱን ጨርሱ፣ ከዚያም ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጉ እላቸዋለሁ።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ባንዱ ከነድምፃዊው በአንድ ክፍል ቆሞ በአንድ ጊዜ ይቀረጽ ነበር፤ ሳክስፎኑ ማብቂያው ላይ ቢስት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ካሴት የተቀረጸው በጊዮን ሆቴል ውስጥ ነበር። እኒሁ ሙዚቀኛ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዘው ሁሉንም ራሳቸው እየተጫወቱ ሌላ ካሴት ቀርጸዋል፤ ሁለቱም ሥራዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ታትመው ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣሉ። በዚያ ዘመን የነበሩት የባንድ ተጫዋቾች ሌሊቱን በሆቴልና በክለብ ሲጫወቱ የሚያድሩ ስለነበሩ የመቅረጫው ቁልፍ ሲጫን አዲስ የሚወስኑት ነገር አልነበራቸውም። እናንተ ያን ያህል መድረክ ስለሌላችሁ የጎደለውን በልምምድ መሙላት ይኖርባችኋል።

ከቀረጻው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ አንድ ስልክ በልምምድ ክፍሉ መካከል አስቀምጡና ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጹት። የስልክ ቀረጻ ጥራት ባይኖረውም ቅንብሩ የት ላይ እንደተጨናነቀ ያሳያል። አንድ ባንድ የላከልኝን እንዲህ ያለ ቀረጻ ስሰማ አዝማቹ በገባ ቁጥር ሁሉም ነገር ይደፈርስ ነበር። ልጆቹ ጥፋቱን በማይኩ ላይ አድርገውት ነበር፤ ምክንያቱ ግን የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዝ ጊታሩ የሚጫወተውን ዝቅተኛ መስመር ደግሞ መጫወቱ ነው። ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን በአዝማቹ ላይ እንዲያሳርፍ ነገርኩት፤ በማግስቱ በዚያው ስልክ የተቀረጸው ዘፈን ጥርት ብሎ ተሰማ። ይህ ማስተካከያ አንድ ሳንቲም አልጠየቀም፤ ከቀረጻ በኋላ ቢሆን ግን በየትኛውም ፕሮግራም ሊስተካከል የሚችል አልነበረም።

ክፍሉን በሚመለከት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀረጻ ማሰብ ድካም ነው፤ ዝናቡ አንድ ጊዜ ከጀመረ የምታደርጉት ነገር የለም። በሌላው ወቅት ደግሞ ሰፈራችሁን አጥኑ፤ ውሻው የሚጮኸው፣ ጎረቤት የሚበይድበት፣ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ የሚሰማበት ሰዓት ሁሉ ይታወቃል። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ያወቀ ጎረቤት ብዙ ይታገሣል። ብዙዎቻችሁ ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት የእንቁላል ካርቶን ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣም ሆነ ከውጭ እንዳይገባ አያግድም፤ የሚቀንሰውም ጥቂት የላይኛውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ክፍሉን አፍኖ ጉርምርምታውን ይተወዋል። የብሎኬት ክፍል የሚያስተጋባው ባዶ ሲሆን ነውና ፍራሽ በማዕዘኖቹ አቁሙ፣ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ክፈቱት። ማቀዝቀዣውን ንቀሉ፤ ስልኮቹን በሙሉ አጥፉ።

ስለ መብራት የምለው አለኝ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሕይወት ጉዳይ ነው። የመብራታችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነ፣ ኧርዙ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) በተበላሸ ወይም ጭራሽ በሌለበት ቤት ውስጥ እዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ ከጊታር አምፕሊፋየሩ ጋር አብሮ ይቀረጻል። ይህን ለማጥፋት ብለው የሶኬቱን የኧርዝ እግር የሚቆርጡ ልጆች አይቻለሁ፤ አንድ እጁ በጊታር ሕብረቁምፊ ላይ ያለ ሰው ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ሊሞት ይችላልና ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት በወጣ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ላፕቶፑንም ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪው አሠሩት። ብዙ ጊዜ ድምፁ በዚህ ብቻ ይጠፋል፤ በተጨማሪም መብራት ድንገት ሲሄድ የተቀረጸው አብሮ አይሄድም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። ሁለት ማስገቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ (ማይክንና ጊታርን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ አንድ ሁለት ዳይናሚክ ማይክ (ያለ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዓይነት)ና ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን ሄድፎን ለዴሞ ይበቃሉ። ሹር ኤስኤም 57 ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት ማይክ ሲሆን ድራምም፣ ጊታር አምፕሊፋየርም፣ ድምፅም ይቀርጻል፤ ኮንደንሰር ማይክ ግን 48 ቮልት ከመጠየቁም በላይ ያልታከመን ክፍል ጉድለት አጉልቶ ያወጣል። ከመግዛት ለሁለት ቀን መከራየት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የተረፈውን ብር ለአዲስ የጊታር ሕብረቁምፊና ለደህና ኬብል አውሉት።

ድራምና ቤዝን አብራችሁ ቅረጹ። ቤዙን ኢንስትሩመንት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ በቀጥታ ወደ ካርዱ አስገቡት፤ ለድራሙ አንድ ማስገቢያ ብቻ ስለሚቀራችሁ ማይኩን ከድራመሩ ቀኝ ትከሻ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ስኔሩ (ሥሩ ሽቦ ወዳለው ትንሽ ድራም) አዙሩት። ሠላሳ ሰከንድ ቀርጻችሁ ሌላ ክፍል ውስጥ አዳምጡ፤ ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) ከጎላ ማይኩን አራት ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ ድገሙት። ቤዙ አንዳንድ ኖታ ሲመታ ስኔሩ ሥር ያለው ሽቦ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ከዚያ ኖታ ጋር እንዳይገጥም ስኔሩን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት። የማይኩን ቦታ ለመፈለግ የምታጠፉት አንድ ሰዓት በኋላ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያመጣጥነው ማስተካከያ) ከምትታገሉበት ሁለት ሌሊት ይሻላል።

ክሊክ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ምት እንዲጠበቅ በሄድፎን የሚያሰማው ቆጠራ፣ ብዙ ባንድ ያጣላል። የቀረጻ ፕሮግራም ሲከፈት 4/4 (አራት እየተቆጠረ የሚሄድ ምት) ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፤ የእኛ ችክችካ ደግሞ ስድስት የሚቆጠርበት 6/8 ነው፤ ይህን ሳያስተካክሉ ክሊኩን የጀመሩ ልጆች ድራመራቸው ምት የማያውቅ መስሏቸው ሲወቅሱት ሰምቻለሁ። ምቱን 6/8 አድርጉና ክሊኩ በአንደኛውና በአራተኛው ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጉት፤ ከዚህም የሚሻለው አንድ ሜዠር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) ጭብጨባ ወይም ከበሮ ራሳችሁ ቀርጻችሁ እየተደጋገመ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው እየፈጠነ እስክስታ የሚያስወርድ ከሆነ ግን ክሊኩን ተዉት፤ ያ ፍጥነት የዘፈኑ አካል ነው።

ክራርና ማሲንቆ ካላችሁ በኪቦርዱ ልክ ቃኟቸው፤ ማሲንቆው ክፍሉ ሲሞቅ ስለሚለዋወጥ በየቀረጻው መካከል እንደገና መቃኘት አለበት። ማይኩን ከማሲንቆው ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ ከደጋኑ ይልቅ ወደ ቆዳው አዙሩት፤ ከዚያ በላይ ከቀረበ ፍትጊያው ዜማውን ይበልጠዋል።

ድምፃዊው የሚቀረጸው በመጨረሻ ነው፤ ሰሚው ከሁሉ በፊት የሚሰማው እርሱን ስለሆነም ያላችሁን ትዕግሥት ሁሉ እዚህ ላይ አውሉት። ከላይ ያልኳቸው ማይኮች ፊታቸውን እንጂ ጀርባቸውን አይሰሙም፤ ስለዚህ ጋቢው ወይም ብርድ ልብሱ የሚሰቀለው ከድምፃዊው ጀርባ ነው፤ ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ስትቀረጽ ከፍ ያለው ቦታ ላይ በደረሰች ቁጥር ድምፅዋ ከቅኝቱ ይወርድ ነበር። ስምንት ጊዜ ደጋገመችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጓደኞቿም በፕሮግራም ይስተካከላል ማለት ጀመሩ። ሄድፎኑን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሙዚቃው እጅግ ጮክ ብሎ የራሷን ድምፅ ውጦታል። ድምፁን ቀነስኩላትና ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ የተገለጠውን ወገን ሙዚቃው ወደ ማይኩ እንዳይፈስ ከጭንቅላቷ ጋር አጣብቃ እንድትይዘው ነገርኳት። ራሷን በክፍሉ ውስጥ ስትሰማ በሁለተኛው ሙከራ ዘፈነችው። የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሽከረከረውን ድምፅ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ቀጥ ያደርገዋል፤ የሚያሳዝነኝም ያ ሽክርክሪት ልጆቻችን ከአያቶቻቸው የወሰዱት መሆኑ ነው።

በ24 ቢት (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመረጥ የቀረጻ ጥራት ነው) ቅረጹ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ጣሪያ፣ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ቢቀር በቂ ነው። ሚክሲንጉን አታክብዱት፤ ድምፃዊውን ከፍ አድርጉ፣ ሪቨርቡን (የማስተጋባት ቅመሙን) ቀንሱ፣ በስልክና በመኪና ውስጥ አዳምጡት፣ ከሦስት ዘፈን በላይም አትላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን በመካከላችሁ ያልተጻፈውን ስምምነት አዋጁ አይጽፍላችሁም፤ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ በዚህ ምክንያት የተበተኑ ባንዶችን አውቃለሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ የራሴ ጥፋት ስለሆነ አልሸሽገውም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ባንድ አራት ቀን ሙሉ ከቀረጽኩ በኋላ ሥራውን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ ተቃጠለ። ከተጫዋቾቹ አንዱ በዚያው ሳምንት ከአገር ወጥቶ ስለነበር ያ አጨዋወት ዳግመኛ አልተገኘም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ የተቀረጸ ስምንት ትራክ (ለየብቻ የተቀረጸ ድምፅ) ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን 350 ሜጋባይት አይሞላም፤ በኪስ የምትያዝ ፍላሽ ሁሉንም ትችለዋለች። ድራሙ ከመፈታቱ በፊት ሥራው ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ ሁለተኛውንም ቅጂ በዚያ ሌሊት ሌላ ቤት የሚያድር ልጅ ይዞት ይሂድ።