አዌቱ አካባቢ፣ ጥቁር አፈር ላይ፦ ጂ+4 ወይስ ቪላ?

እህታችን የጠየቁት ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ አቅራቢያ ስላላቸው 200 ካሬ ቦታ ነው። አንዱ ወንድማቸው «ጂ+4 (ምድር ቤትና ከላዩ አራት ፎቅ) ሠርተን እናከራይ» ይላል፣ ሌላው «ቪላ ይበቃናል» ይላል። የእኔ መልስ ጂ+2 ነው፣ እሱም የአፈር ምርመራው ከፈቀደ።

በአዌቱ ግራና ቀኝ፣ ወደ ቦዬም ሲወረድ የሚገኘው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጅሬን አቀበት ላይ ያለው ቀይ አፈር ጠባዩ ሌላ ስለሆነ፣ እዚያ የቆመ ፎቅ አይታችሁ እዚህ አትድገሙት።

ኮለኖቹ (የኮንክሪት ምሰሶዎቹ) በ4 ሜትር ርቀት ቢቆሙ አንዱ የመሀል ኮለን 16 ካሬ ይሸከማል። ግድግዳውንና ሰዉን ጨምሮ በየሶሌታው (በየፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ጣሪያውም እንደ አንድ ተቆጥሮ) ለአንድ ካሬ 1.05 ቶን ያህል ያዙ። ጂ+2 ላይ ኮለኑ 50 ቶን ገደማ ያወርዳል፣ ጂ+4 ላይ ወደ 85 ቶን። አፈሩ በካሬ 10 ቶን ይችላል ብንል (ትክክለኛውን ቁጥር ምርመራው ይናገራል) የጂ+2 ፉቲንግ (ከኮለኑ ሥር የሚቀበረው የኮንክሪት እግር) 2.2 በ2.2 ሜትር ይሆናል። የጂ+4 ግን 2.9 በ2.9 ስለሚደርስ በሁለት ፉቲንጎች መካከል 1 ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል፤ መሐንዲሱም ወደ ማት ፋውንዴሽን፣ ማለትም ከቤቱ ሥር በሙሉ ወደሚነጠፍ አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት፣ መሄዱ አይቀርም። የምታስቡት የኪራይ ገቢ መጀመሪያ የሚቀበረው እዚያ ፌሮና ስሚንቶ ውስጥ ነው።

ቪላ ቀላል ስለሆነ አያሰጋም የሚሉም ተሳስተዋል። የሚያብጥ አፈር ይበልጥ የሚጎዳው ቀላል ቤትን ነው፣ ሽቅብ ሲገፋ የሚጫነው ክብደት የለማ! ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ምልክቱ ነው። በ60 ሳንቲም የድንጋይ መሠረት እዚህ ቤት አይሠራም።

ስለዚህ ቪላም ሆነ ፎቅ፣ ቁፋሮው ቢያንስ 2 ሜትር ይውረድ። ከግሬድ ቢሙ (የምድር ቤቱን ግድግዳ ከሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት) ሥር 10 ሳንቲም ክፍተት ተዉ፣ አፈሩ ሲያብጥ ቢሙን እንዳያነሳው። ከወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ይግባ። በአሸዋ አትሙሉት፣ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ቁፋሮውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጨርሱ፤ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ቀን 5 ሳንቲም ስስ ኮንክሪት ይፍሰስበት። ክፍት ሆኖ ከደረቀ፣ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ፉቲንጉን ያነሳዋል። በቤቱ ዙሪያ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ይሠራ። የአሸንዳው ውሃ ቦይ ውስጥ ይግባ እንጂ ግድግዳ ሥር አይፍሰስ። ባሕር ዛፍ ካለ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ።

በምርመራው ውጤት ላይ ፍሪ ስዌል (አፈሩ ውሃ ሲያገኝ በስንት በመቶ እንደሚያብጥ) የሚለውን ተመልከቱ። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከ100 በላይ ከሆነ ግን ዲዛይኑ ከመሠረቱ ይታሰብ።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ፍሳሽን ነው። ጂ+4 ላይ በየፎቁ አምስት አምስት ሰው ያለው ሁለት ቤተሰብ ቢገባ 50 ሰው ይሆናል። በነፍስ ወከፍ 60 ሊትር ቢሉት በቀን 3,000 ሊትር ነው። ጥቁር አፈር ውሃ አይመጥም፣ ስለዚህ 12 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በ4 ቀን ይሞላል። ጂ+2 ላይ በየፎቁ አንድ ቤተሰብ ካለ ያው ጉድጓድ 13 ቀን ይቆያል። ይህም ቢሆን ብዙ አይደለምና የሻወርና የእጥበት ውሃ በሌላ መስመር፣ ከመሠረቱ ርቆ ይሂድ። ለመምጠጫ መኪና 3.5 ሜትር በር ተዉ።

ውሃውም ያው ነው። ጂ+4 ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ያለ ፓምፕ አይሞላም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም የለም። በየፎቁ 18 ደረጃ ቢሆን ላይኛው ተከራይ ጤፉንና ጄሪካኑን ይዞ 72 ደረጃ ይወጣል። ከሁሉ ቀድሞ ባዶ የሚቀረው ያ ፎቅ ነው።

አሁን ጂ+1 ሠርታችሁ አንድ ፎቅ በኋላ መጨመር ካሰባችሁ፣ ፉቲንጉና ኮለኑ ዛሬውኑ ለጂ+2 ይሰላ። ከላይ የሚተዉትን ፌሮዎች በስስ ኮንክሪት ሸፍኗቸው፤ በጅማ ዝናብ ተጋልጠው ዓመታት ከቆዩ ዝገቱ ይበላቸዋል፣ አዲሱን ኮለንም አይዙም።